የምትንቀጠቀጥ ቀስት

«ቫይብሬት ገባ!» አለች ፈትያ፣ ባለጎማ ወንበሯን በእግሯ እየገፋች ወደ ባልደረባዋ ወደ መድኃኒት ጠረጴዛ ተጠግታ። ካዛንቺስ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ቢሮ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ቀና አሉ። አንዱ ሳቀ። አለቃቸው ሊዲያ እንኳን ከመስታወት ክፍሏ ብቅ ብላ «ዛሬስ ስልክ ቁጥሩን ይሰጠናል ወይስ እንደ ልማዱ አይቶ ይወጣል?» አለች። ቫይብሬት ስሙን የማያውቁት ሰው ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ የደንበኛቸው ድረ ገጽ ላይ ይገባል። ፊቱ አይታይም፣ ድምፁ አይሰማም። የሚታየው የማውሱ ቀስት ብቻ ነው። የሌላው ሰው ቀስት ከወዲህ ወዲያ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ የእሱ ግን ስትሄድም ስትቆምም ትንቀጠቀጣለች፣ ጠረጴዛ ላይ እንደሚንዘረዘር ስልክ። ስሙን ያወጣችለት ፈትያ ናት። መድኃኒትም ባለፈው አርብ፣ ስሙ ሲወጣለት፣ ከሁሉም ጋር ስቃለች።

የመድኃኒት ሥራ እንዲህ ያለችውን ቀስት መከተል ነው። ደንበኞቻቸው ቤት ሻጮች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የጥርስ ክሊኒኮች ናቸው። ሰው ገጹ ላይ ገብቶ የት እንደቆመ፣ የቱን ሳያይ እንዳለፈ፣ ዋጋው ጋ ሲደርስ እጁ ምን እንደሆነ ታያለች። ሰው ብዙ የቆመበት ቦታ ስክሪኗ ላይ ቀይ ይሆናል፤ ማንም ያልነካው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ሥራ ላይ ከቆየች ወዲህ ሰውን ከቀስቱ መለየት ለምዳለች። ሊገዛ የመጣው ቀጥታ ዋጋው ላይ ይወርዳል። ሥራ ፈትቶ የሚያየው ክብ ክብ ይሠራል። የተናደደው አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይጫናል። ሊወጣ የወሰነ ደግሞ ቀስቱን ወደ ላይ፣ ገጹ ወደሚዘጋበት ጥግ ይወስዳታል። ሥራቸው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ ሰውየው ሳይዘጋው በፊት አንድ ትንሽ መስኮት ድንገት ፊቱ ላይ ይከፈትበታል። መስኮቷ ላይ የሚጻፈው ነገር ጥሩ ከሆነ ሰውየው ይቆማል። ከቆመ ስልኩን ይተዋል። ስልኩን ከተወ ፈትያ ትደውልለታለች።

ቫይብሬት የሚገባበት ገጽ የ«ዋርካ ጥላ» ነው፤ ከለገጣፎ አለፍ ብሎ ያለ የግል የአረጋውያን መኖሪያ፣ ለአንድ ሰው በወር ሠላሳ አምስት ሺህ ብር የሚያስከፍል። ሥራው ወደ እነሱ የመጣ ሰሞን፣ ገጹን የሚያዩት እናት አባታቸውን የሚያስቀምጡበት ያጡ ልጆች ይሆናሉ ብለው ነበር። ቀስቶቹን ሲከታተሉ ግን አብዛኞቹ ቀስ ብለው የሚሄዱ፣ ፊደሉን ደጋግመው የሚያሳድጉ፣ ራሳቸው ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ሆነው ተገኙ። ገብተው፣ አይተው ይወጣሉ። መስኮቷ ላይ ያኔ «ንጹሕ አየር፣ ጥሩ ምግብ፣ ጥሩ ጎረቤት» የሚል ነበር የተጻፈው። «ማለቴ፣ ይሄ እኮ ብሮሹር ነው» አለች ሊዲያ በስብሰባ ላይ። «እጃቸውን የሚይዝ ነገር ስጡኝ በቃ።» በማግሥቱ መድኃኒት አርፍዳ ገባች። አባቷ ሽንት ቤት ውስጥ ወድቀው፣ እሳቸውን አንስታ፣ አጥባ፣ ልብስ ቀይራ፣ የአልጋውን አንሶላ አስጥታ ነበር የመጣችው። ቁርስ አልበላችም። ተቀምጣ፣ ብዙም ሳታስብ፣ «ልጆችዎ ደክመው ይሆናል። አልነገሩዎትም እንጂ።» ብላ ጻፈች። ሊዲያ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ጠረጴዛውን መታ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ሰዎቹ ሳይወጡ መቆም ጀመሩ።

ዛሬ ቫይብሬት ከላይ ጀምሯል። ፈትያ በመድኃኒት ትከሻ ላይ ተደግፋ፣ ከፌስታል ቆሎ እየዘገነች ታያለች። ቀስቷ የመኝታ ክፍሎቹን ፎቶ አለፈች፣ ጓሮ ውስጥ የተቀመጡትን አረጋውያን አለፈች፣ ጽሑፉ ጋ ስትደርስ ከመጀመሪያው ቃል ሥር ገባች። ከዚያ ወዲያ በእያንዳንዱ ቃል ሥር እየተንቀጠቀጠች፣ አንዱንም ሳትዘል፣ መስመር ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ እየተመለሰች ሄደች። ማንም ሰው ድረ ገጽ እንዲህ አያነብም። «ሃያ አራት ሰዓት ሃኪም» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። «ሃ»ዋን ዞረቻት። ትንሽ አልፋ ሄደችና ተመልሳ እንደገና ዞረቻት።

መድኃኒት ወደ ስክሪኗ ተጠጋች።

አባቷ አቶ አምኃ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ቤት ውስጥ ያለ እስክርቢቶ ጋዜጣ አንብበው አያውቁም፤ ጫፉን ቃሉ ሥር እያስኬዱ፣ የተሳሳተ ፊደል ሲያገኙ ከበው፣ «ሐኪም በሐመሩ ሐ ነው፣ ስንቴ ይነገራቸው» እያሉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ እስክርቢቶ መያዝ ስላቃታቸው፣ ጋዜጣውን በኢንተርኔት እንዲያነቡ አሮጌውን ላፕቶፕ የሰጠቻቸው እሷ ናት። በጣት መንካቱ ስላስቸገራቸው ማውስም ገዝታላቸዋለች፣ ትልቁን፣ መዳፍ የሚሞላውን። ጠዋት ስትወጣ ከፍታላቸው ነው የምትወጣው። ስንት ሽማግሌ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አለች በልቧ። ስንት ሽማግሌ ፊደል ያርማል።

ቀስቷ ጽሑፉን ጨርሳ ወደ ላይ፣ ወደ ጥጉ መውጣት ጀመረች። መድኃኒት በሆዷ «ውጣ፣ ውጣ፣ ዝጋው» አለች። ከቢሮው ሰው ሁሉ ተቃራኒውን የተመኘችበት የመጀመሪያ ቀን ነው። መስኮቷ ተከፈተች። ቀስቷ ባለችበት ቀረች፣ እየተንቀጠቀጠች። ከዚያ ወረደችና «ልጆችዎ» ከሚለው ሥር ገባች። «ደክመው» ከሚለው ሥር ገባች። የሚታረም ነገር አላገኘችም መሰል፣ እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ ሄደች፤ ተመልሳም እንደገና ከመጀመሪያው አነበበች። ከብዙ ቆይታ በኋላ የስልክ ቁጥሩ ማስገቢያ ላይ፣ እስኪላክ ድረስ ቁጥሩን የሚሸፍኑት ጥቁር ነጥቦች አንድ በአንድ ይታዩ ጀመር። ቢሮው አጨበጨበ። ፈትያ ቆሎዋን ጥላ ወደ ወንበሯ በረረች።

«ፈትያ፣ ቆይ፣ እሱን እኔ—» አለች መድኃኒት፤ ግን ፈትያ የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቃ ደውላለች። ፈትያ ክፉ ልጅ አይደለችም። ድምፅዋ ደግ ስለሆነ ነው ለዚህ ሥራ የመረጧት፤ ከሽማግሌ ጋር ስታወራ እውነትም የአያቷን ጤና የምትጠይቅ ነው የምትመስለው።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ፣ ከዋርካ ጥላ ነው። እንዴት ነዎት? … ኧረ በፍጹም፣ የምን ማስቸገር ነው፣ ሥራችን እኮ ነው። … እሺ። … እሺ አባባ። … ልጅዎ? አይ፣ የግድ ማወቅ የለባትም። እርስዎ ከፈቀዱ በቂ ነው።» የሚሉትን ስትሰማ ፊቷ ከልብ አዘነ። «ገባኝ። ሥራ ላይ ሆና ቢሆን ይሻላል ይላሉ። ስታይ እንዳትረበሽ። … እሺ፣ መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ላንቻ ይመጣልዎታል። ለአንድ ወር ይሞክሩት። ስም ማን ልበል? … አምኃ። አምኃ ማን አሉኝ?»

የምትጽፍበት እስክርቢቶ ቆመ። ፈትያ ቀስ ብላ ዞረችና መድኃኒትን አየቻት። ከዚያ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሰው ላለማስደንገጥ ብላ፣ በዚያው ደግ ድምፅ፣ «አመሰግናለሁ አባባ፣ መልካም ቀን» ብላ ዘጋች። የሳቁት ስክሪናቸው ላይ አቀረቀሩ።

መድኃኒት ለአባቷ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሱም። ደግማ ደወለች። ፈትያ በበኩሏ ወደ መኖሪያው ደውላ መኪናውን ለማስቀረት ሞክራ ነበር፤ «ያዘዙት ሰውዬ ራሳቸው ይቅር ካላሉ አይሆንም» አሏት። መድኃኒት ተነስታ ወደ መስታወቱ ክፍል ገባችና ቆማ «ያቺን መስኮት እናውርዳት» አለች። ሊዲያ ሁሉንም ሰምታለች። ወንበር ጋበዘቻት፣ ውሃ ቀዳችላት። እውነትም አዝናለች።

«ማለቴ፣ በጣም ይቅርታ መዲ። ማንም አላወቀም እኮ። የአባትሽን ቁጥር አሁኑኑ እናወጣዋለን፣ ደግሞ እንዳይታያቸውም ማድረግ እንችላለን። በቃ፣ ለእሳቸው አይከፈትም።»

«ለሌሎቹስ?»

ሊዲያ ወደ ስክሪኗ ዞር አለች። «ከዚህ በፊት ከሠራነው ሁሉ የሠራልን እሱ ነው። ደንበኛው ለመጪው ዓመት ውል ሊፈርም ነው። የጻፍሽውም አንቺ ነሽ።» ክፋት አልነበረበትም አነጋገሯ፤ ምስጋናም ሊመስል ይችል ነበር። የዚህችን ቢሮ ደመወዝ ትፈልገዋለች፤ ሊዲያም ታውቃለች። «ፈቃድ ስጪኝ፣ ቤት ልሂድ» ብቻ አለች። «ኧረ ሂጂ፣ ሂጂ፣ ራይድ ልጥራልሽ?» አለች ሊዲያ። አልፈለገችም።

ከሕንፃው ወጥታ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ወደ ታች ወረደች። ያ ሁሉ መብራትና አበባ ያለበት ቦታ የነሱ ሰፈር ነበር። የቀበሌ ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ አባቷ የደረሳቸው ምትክ ቤት ከከተማው ጫፍ ስለሆነና ብቻቸውን መተው ስለማይቻል፣ ላንቻ ውስጥ ከወይዘሮ አጸደ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይታ አብረው ገቡ። መድኃኒት ገና ልጅ እያለች ነው እናቷ የሞተችው፤ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፣ ፀጉሯን ሳይቀር ራሳቸው እየሠሩ። ከመስቀል አደባባይ የሳሪስ ታክሲ ያዘች። ረዳቱ «ጠጋ በሉ፣ ጠጋ በይ እህቴ» ይላል። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ የሽንኩርት ዋጋ ላይ ከፊት ካለው ሰው ጋር እየተከራከሩ ነበር፤ እሷንም ምስክር ለማድረግ ፈልገው ሁለት ጊዜ ዞሩባት፤ ፊቷን ሲያዩ ተዉ። ምን እንደምትል ታዘጋጅ ነበር። «አልደከመኝም» ልትል አሰበች። ስትለው ራሷ ሰማችው፤ ልክ አልነበረም። ደክሟታል። ሌሊት ለሽንት ይጠሯታል፣ ጎናቸውን ለማዞር ይጠሯታል፣ አንዳንዴ ደግሞ መኖሯን ለማወቅ ብቻ ይጠሯታል። ጠዋት ሸሚዛቸውን ቆልፋ፣ ፍርፍሩን አጉርሳ፣ ጺማቸውን ስትላጭ ሳታውቀው በረጅሙ ትተነፍስ ይሆናል። ሰው ሁሉ ይተነፍሳል።

ስትደርስ አቶ አምኃ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለበዓል የሚለብሱት ግራጫ ኮት ቁልፉ ሁሉ ተቆልፏል፤ ወይዘሮ አጸደ ቆልፈውላቸው ይሆናል። ቡናማዋ ሻንጣ እግራቸው ሥር ናት። ላፕቶፑ ተዘግቶ፣ ማውሱ ከነገመዱ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«በጊዜ መጣሽ» አሉ። አልደነገጡም።

«የት ልትሄድ ነው አባዬ?» እናቷ ከሞተች ጀምሮ አንተ ነው የምትላቸው።

«ለገጣፎ። ጥሩ ቦታ ነው ይላሉ፣ ልሞክረው ብዬ ነው። ጽፌ ልተውልሽ ነበር፣ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ጠዋቱን ሙሉ አንድ መስመር አልወጣልኝም።»

«ማን ይከፍላል?»

«የእህቴ ልጅ። የደብረ ብርሃኑን የውርስ ድርሻዬን ለእሱ ለቅቄለታለሁ፣ እሱ ይከፍላል። እሱን አንቺ አታስቢ።»

ይህን ያህል እንዳሰቡበት አላወቀችም ነበር። ጎናቸው ተቀመጠች። ከበሩ ውጭ ወይዘሮ አጸደ ልብስ እያሰጡ፣ እንዳልሰሙ ሆነው፣ ገመዱን ደጋግመው ያስተካክላሉ። መድኃኒት ታክሲ ውስጥ ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት፤ በምትኩ እውነቱ ወጣ።

«ያ ድንገት የሚከፈተው ጽሑፍ፣ ልጆችዎ ደክመው ይሆናል የሚለው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሥራዬ ነው አባዬ። እንዳትሄድ፣ ስለዚያ ጽሑፍ ብለህ እንዳትሄድ። ላንተ አይደለም የጻፍኩት።»

አቶ አምኃ ጉልበታቸው ላይ የሚንቀጠቀጠውን ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ሸፈኑት።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ስሕተት የለበትም» አሉ። የሚያሾፉ መስሏት አየቻቸው፤ አያሾፉም። «መጻፍሽን አላውቅም ነበር። ማሰብሽን ግን አውቅ ነበር።»

ማልቀስ ጀመረች። እጃቸውን ይዛ፣ እንዳይሄዱ፣ ሰው እንደምትቀጥር፣ ሥራ እንደምትቀይር፣ ጠዋት ጠዋት ዘግይታ እንደምትወጣ ነገረቻቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሁሉንም ሰሟት። ስትጨርስ ቀና አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሳታስቢ መልሺልኝ። አትሂድ የምትዪኝ እንድቀር ፈልገሽ ነው? ወይስ የጻፍሽው አንቺ ስለሆንሽ ነው?»

«እንድትቀር» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ከቃሉ በፊት፣ ሳትጠራው፣ ማንም የማይጠራበት ሌሊት መጣባት። አንድ እሑድ ሙሉውን ተኝቶ መዋል መጣባት። ከጓደኞቿ ጋር ሐዋሳ ልትሄድ የነበረችበትና የቀረችበት ፋሲካ መጣባት። አንድ ጊዜ የመተንፈስ ያህል ነው የዘገየችው፤ ከዚያ አይበልጥም። አባቷ ግን ዓይኗን እያዩ ነበር።

«ተይው» አሉ በቀስታ። «ተይው በቃ የኔ ልጅ። አልቀየምም።»

«እንድትቀር ነው» አለች፤ አሁን ግን ሁለቱም ያውቁታል።

ከውጭ ጥሩምባ ተነፋ። ሾፌሩና ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት አስታማሚ ገቡ። አስታማሚው ሻንጣውን ሊያነሳ ሲል መድኃኒት ቀደመችው፤ ለምን እንደቀደመችው አታውቅም። አቶ አምኃ እስከ መኪናው በራሳቸው እግር ሄዱ፤ የመኪናው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ግን ቀኝ እግራቸው አልነሳ አለ። አስታማሚው ከፊት እየጎተተ ግራ ሲገባው፣ እሷ ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዛ አነሳችና አስገባችው። «እንደሱ አይደለም፣ ከኋላ ነው የሚያዘው» አለችው። «ምሳሽን ሳትበዪ ወደ ሥራ እንዳትመለሺ» አሏት አባቷ በመስኮቱ። መኪናው በጠባቡ ኮረት መንገድ እየተንገጫገጨ ወጣ።

ወይዘሮ አጸደ ነጠላቸውን አስተካክለው አብረዋት ቆሙ። «እግዜር ያውቃል፣ ለበጎ ነው» አሉ። ትንሽ ቆይተውም፣ «አሁን እንግዲህ አንዷን ክፍል ትለቂያት ይሆን? አይዞሽ፣ ዛሬ አይደለም። ጠያቂ ስላለኝ ነው፤ አንዲት ልጅ ስምንት ሺህ ትሰጣለች። አንቺ እኮ በድሮ ዋጋ ነው ያለሽው።» መድኃኒት «አስብበታለሁ» ብላ ገባች። የአባቷን አንሶላ ገፈፈች፣ ፍራሹን ገለበጠች፣ መስኮቱን ከፈተች። ክፍሉ የክኒንና የሳሙና ሽታ ነበረው። ሲመሽ ወደ ለገጣፎ ደወለች፤ ራት በልተው እንደተኙ፣ ጎረቤታቸው ጡረተኛ መምህር እንደሆነ፣ እንደተግባቡ ነገሯት። ላገናኝሽ አላሏትም፤ እሷም አገናኙኝ አላለችም።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮ ስትገባ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ስክሪኗ ላይ የዋርካ ጥላ ገጽ ተከፍቷል፤ አንዲት ቀስት፣ የማይንቀጠቀጥ ሰው ቀስት፣ የክፍሎቹን ፎቶ እያየች ነበር። ፈትያ ከታች ካለው ካፌ ያመጣችውን ማኪያቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችላት። ፈትያ ራሷ ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ እንዳደረች ከዓይኗ ያስታውቃል። ጎንበስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ «እንዴት አደርሽ?» አለቻት።

መድኃኒት ከስንት ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንዴም ሳትነቃ፣ ፀሐይ ፊቷ ላይ እስክትወጣ ድረስ ተኝታ ነበር ያደረችው።

«ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ» አለች።

ፈትያ አመነቻት፤ ትከሻዋን ዳበሰቻት።